እንስሳ የማይሞትበት ግቢ

አስቀድሞ ይታወቅልኝ፤ እኔ እንስሳ አልወድም። ውሻ ከላሰኝ እጄን ሁለቴ በሳሙና እታጠባለሁ። ድመት አጠገቤ ስትመጣ ያስነጥሰኛል። ፈረስ በሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ በቅርብ ግን ጥርስና ኮቴ ብቻ ነው። እንዲህ ያልኩት እኔ ሸዋዬ፣ ከአዳማ ወደ ባሕር ዳር በሥራ ተዛውሬ ቤት ስፈልግ ከርሜ፣ ከስንቱ ቤት ሁሉ ሽምብጥ የሚባለው ሰፈር ውስጥ እማማ የብርጓል ግቢ ገባሁ። ደላላው «ጸጥ ያለ ግቢ ነው፤ አሮጊቷ ብቻቸውን ናቸው» ብሎኝ ነበር። ብቻቸውን! በሩ ሲከፈት ሁለት ውሾች እየተጋፉ ተቀበሉኝ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የድመት መንጋ ቁልቁል አየኝ፣ ከጓሮ ደግሞ ፈረስ አሽካካ። ደላላውን ልሰድበው ዞር ስል የለም።

ክፍሉ ግን ሰፊ ነበር፤ መስኮቱም ሐይቁን ያሳያል። «ሌላ እስካገኝ» ብዬ ዕቃዬን አስገባሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ሌላ አላገኘሁም።

እማማ የብርጓል ያኔ ስድሳውን ተሻግረዋል። ቀጠን ያሉ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጥብቅ አድርገው የሚያስሩ፣ ሲራመዱ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ከበስተኋላዬ መጥተው «ሸዋዬ» ሲሉኝ ስንቴ ብርጭቆ እንደሰበርኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ሰማዩ ገና ሲገልጥ ይነሱና በቅድሚያ ወደ ፈረሶቹ ጋጣ ይሄዳሉ። ፍሩሽካውን በውሃ ለውሰው ይሰጣሉ፣ ጀርባቸውን ያብሳሉ፣ ኮቴያቸውን አንድ በአንድ እያነሱ በጣታቸው ይዳስሳሉ። ከዚያ ባልዲያቸውን ይዘው ዓሣ አጥማጆቹ ወደሚያርፉበት ዳርቻ ይወርዳሉ። እዚያ ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች ያውቋቸዋል፤ የቀረሶና የአምባዛ ጭንቅላት ለብቻ ያኖሩላቸዋል። አንድ ቀን አብሬያቸው ወርጄ ነበር። ባልዲው እስኪሞላ ድረስ ጀርባቸውን ለሐይቁ ሰጥተው ቆሙ። ነፋሱ ከውሃው ሲመጣ ነጠላቸውን ወደ ጆሮአቸው ይስቡታል እንጂ ዞር ብለው አያዩም። ያን ቀን በርዷቸው ነው ብዬ አለፍኩት።

ለውሾቹ ሳንባ ከሥጋ ቤት ይመጣላቸዋል። ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ እነሱም ሳይወዱ በግዳቸው ይጾማሉ፤ የበቆሎ ገንፎ ፊታቸው ሲቀርብ እኔን እንደ ጥፋተኛ ያዩኛል። ትልቁ ውሻ መቶ አለቃ ይባላል፤ እውነትም ጠዋት ጠዋት ግቢውን ዞሮ ሳያይ አይተኛም። ነጭና ጥቁሩ ቡሬ ነው። ባለ ሦስት ቀለሟ ድመት እቴጌ ናት፤ ከሷ በፊት ማንም አይበላም። ፈረሶቹ ደግሞ ዳማው ቦራ፣ ባዝራዋ ሙሽራ። ቦራ ስሙን ያገኘው ግንባሩ ላይ ካለው ነጭ ነው።

«ይኼን ሁሉ ስም ማን አወጣው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አምባቸው ነዋ፣ ልጄ።»

«የት ነው እሱ?»

«ከሐይቁ ማዶ፣ ቁንዝላ ሄዷል። ሲመጣ ታይዋለሽ፤ ቀልደኛ ነው፤ ላንችም ስም ሳያወጣልሽ አይቀር።»

እኔም ቁንዝላ ሥራ ያለው ሰው አድርጌ ያዝኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ የወንድ ሸሚዝና ሱሪ አጥበው ገመድ ላይ ያሰጣሉ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የለበሰው ሰው እንደሌለ ግን ልብ ያልኩት ብዙ ቆይቼ ነው። ማታ ማታ ደግሞ ከጋጣው በኩል ድምፃቸው ይሰማኛል፤ «ዛሬ ቦራ ውሃውን ተወው፤ ስትመጣ ትቆጣኝ ይሆናል፣ እኔ ምን ላድርግ» ይላሉ። ከፈረሱ ጋር የሚያወሩ ይመስለኝ ነበር። ከፈረሱ ጋር ቢሆን ኖሮ «ስትመጣ» አይሉም ነበር።

ነገሩ የገባኝ በእቴጌ ምክንያት ነው። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ በሩ ፊት ለፊት ባጃጅ ገጫት። በዓይኔ በብረቱ አየሁ። ሹፌሩ ወርዶ ወደ ቦዩ ዳር ገፋት። እማማ የብርጓል ወጡ፤ ቁልቁል አዩዋት። አላለቀሱም፣ ሹፌሩንም አልተቆጡም። «እቴጌ ዛሬ ደግሞ የት ዞር ዞር ስትል ነው?» አሉና ተመልሰው ገቡ። ድመቷ እግራቸው ሥር እያለች! ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ሥራ አልሠራሁም።

ሁለት ሳምንት ያህል አልፎ ይሆናል። ከሥራ ስመለስ እቴጌ የግቢው አጥር ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ትልሳለች። ጥቁሩ በቦታው፣ ቀዩ በቦታው፣ አገጯ ሥር ያለችው ነጭ ሳትቀር። ቦርሳዬ ከእጄ ወደቀ። አማትቤ ወደ ውስጥ ሮጥኩ።

«እማማ! ያቺ ድመት...»

«እቴጌ ናት። ማን መስላሽ?»

«የእቴጌ ጆሮ የተቀደደ አልነበረም እንዴ?»

ከባልዲያቸው ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «ድኖላት ነዋ» አሉኝ።

እሑድ ሰብለ ወንጌል መጣች። ሰብለ የአምባቸው ሚስት ናት፤ ጢስ ዓባይ አስተማሪ ሆና እዚያው ትኖራለች፣ አማቷን ለመጠየቅ አልፎ አልፎ ትመጣለች። ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ስትስቅ ግን መሳቋን ካጠገቧ ሰው የምትደብቅ ዓይነት። ክፍሌ አስገብቼ በሩን ዘጋሁና «ንገሪኝ፤ አለዚያ አብዳለሁ» አልኳት።

እንደ ነገረችኝ አምባቸው ባለጋሪ ነበር። እዚህ አገር የጋሪ ፈረስ ሲያረጅ ወይም ጀርባው ቆስሎ ሲገጥብ ባለቤቱ አይገድለውም፤ ኃጢአት ነው። አይቀልበውም፤ አቅም የለውም። ከከተማው ዳር አስፋልቱ ላይ ይለቀዋል፣ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። አምባቸው እንዲህ ያለ ፈረስ አይቶ ማለፍ አይችልም ነበር። ቦራንም ሙሽራንም ያገኛቸው መንገድ ላይ ነው፤ ውሾቹንና ድመቶቹንም እንዲሁ። ሰብለን ያገባት ጊዜ ጋሪውን አስጊጦ፣ ቦራን ጠምዶ፣ ራሱ እየነዳ ነው ያመጣት። ከሠርጋቸው አራተኛ ወር ላይ በጋሪው ቦራን የሚያግዝ ሌላ ፈረስ ሊያይ ቁንዝላ ሄደ። ሲመለስ የተሳፈረባትን ጀልባ ከሰዓት በኋላ የተነሣ ማዕበል ገለበጣት። የአንዳንዶቹ ሬሳ ወጣ፤ የእሱ አልወጣም። ከሞት የተረፈው ጀልባ ነጂ «አዲስ ልጓም ትከሻው ላይ ያንጠለጠለ ወጣት ነበር» ብሎ መሰከረ።

«እማማ ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ልጓም የሚያንጠለጥል የእኔ ልጅ ብቻ ነው?› አሉ። ይኸው ሰባት ዓመት።» ሰብለ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። «መርዶ ሊነግሩ ሽማግሌዎች በማለዳ መጡ። ቁርስ አቀረቡላቸውና ‹ቤት ተሳስታችሁ ነው› ብለው ሸኟቸው። ‹ሲመጣ የጎደለ እንስሳ ካገኘ ምን ብዬ እመልስለታለሁ?› ይላሉ። ድመቷ ስትሞት መሳይዋን ፈልገው ያመጣሉ። ይቺ እቴጌ ሦስተኛዋ ናት። መቶ አለቃም ሌላ ነው፣ ቡሬም ሌላ ነው። ሙሽራም በኋላ ከገበያ የተገዛች ናት። አምባቸውን የሚያውቀው ቦራ ብቻ ነው የቀረ።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ? ሞቷል ብዬ ጥቁር አልለበስሁ፣ አለ ብዬ አልተኳልሁ። ሰው ሲሞትበት ያለቅሳል፣ ወጥቶለት ይገባል። እኔ አንድ ቀን እንኳ ድምፄን አውጥቼ አላለቀስሁም፣ ሸዋዬ። እዚህ ቤት ማልቀስ እሱን መግደል ነው።»

ከዚያ ወዲያ ያ ግቢ ሌላ ሆነብኝ። ድመቶቹ ከጣሪያ ላይ ሲያዩኝ፣ ከኋላቸው የሞቱት ድመቶች ተደርድረው የሚያዩኝ ይመስለኛል። «መቶ አለቃ!» ብዬ ስጠራ የትኛውን እንደጠራሁ አላውቅም። የሚመጣው ግን ሁልጊዜ ይመጣል፤ ጅራቱን ይቆላል። ቤት ልቀይር እልና ጠዋት እማማ ባልዲያቸውን ይዘው ሲወጡ ሳይ አንጀቴን ይበሉኛል። ጭራሽ በእሳቸው ፋንታ ፍሩሽካ መለወስ ጀመርኩ። ጓንት አድርጌ ነው፤ ቢሆንም ለወስኩ።

ክረምቱ አጋማሽ ላይ ቦራን ቁርጠት ያዘው። እሑድ ጠዋት ነበር። መሬት ላይ ይንከባለላል፣ ተነሥቶ ጎኑን ያያል፣ ደግሞ ይወድቃል። የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ፤ መጥቶ መድኃኒት ወጋው፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እማማ የብርጓል እግሩ ሥር ተቀምጠው «አይዞህ፣ ይመጣል፣ መንገድ ላይ ነው» ይሉታል። እኔ እንስሳ የማልወደው ሴት፣ ያን ትልቅ ራስ ጭኔ ላይ ይዤ ዝናብ ሲዘንብብኝ ዋልኩ። ከቀትር በኋላ እስትንፋሱ ቆመ። እማማ ብድግ ብለው ቤታቸው ገቡና በሩን ዘጉ። የማዘጋጃ ቤት ትራክተር መጥቶ በገመድ ጎትቶ እስኪወስደው ድረስ አልወጡም። የትራክተሩ ድምፅ ሲርቅ በሩ ተከፈተ።

«ቦራን ሣር ሰጠሽው?» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ቀሚሴ ጭቃና አረፋ ነው። «እማማ! ቦራ ሞተ! እጄ ላይ ነው የሞተው!» ብዬ ጮኽኩ።

ነውር እንደተናገርኩ ዓይነት ዓይናቸውን ሰበሩ። «እዚህ ግቢ እንዲህ ያለ ቃል አይነገርም፣ ሸዋዬ» አሉ በዝግታ። «ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

የሚቀጥለው የገበያ ቀን መራዊ ሄድን። ለምን አብሬ እንደሄድኩ አትጠይቁኝ፤ ብቻቸውን ቢሄዱ መንገድ ላይ የሚወድቁ መሰለኝ። የፈረስ ገበያ ውስጥ ሌላው ሰው ጥርስ ይገልጣል፣ ኮቴ ያነሳል፣ ያስሮጣል። እሳቸው የፈረሶቹን ፊት ብቻ እያዩ ያልፋሉ፤ ሕዝብ መሐል የጠፋ ሰው የሚፈልጉ ይመስላሉ። ነጋዴዎቹ ይስቁባቸዋል። ወደ መጨረሻው ላይ አንድ ዳማ ፊት ቆሙ፤ ግንባሩ ቦራ ነው። ነጩን በሦስት ጣታቸው ለኩት። ትንሽ ጠበብ ይላል።

«እማማ፣ ይኼ ገና ወጣት ነው» ብዬ በጆሮአቸው ነገርኳቸው። «ቦራ ሽማግሌ ነበር።»

«እረፍት አግኝቶ ነዋ» አሉኝ። «ሥራ ካቆመ ስንት ዓመቱ፤ አማረበት።»

በአይሱዙ አስጭነን ስንመለስ ክንዴን ይዘው አስማሉኝ። ለሰብለ እንዳልነግር፣ ለማንም እንዳልነግር። ማልኩ። መጀመሪያ ሰሞን ፈረሱን «አንተ» ነበር የምለው። በኋላ አንድ ጠዋት ውሃ ይዤለት ስገባ «ቦራ» የሚል ቃል ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት፤ ፈረሱም ዞር አለ። የቆምኩበት ጋጣ ውስጥ ቦራ ጭኔ ላይ እንዳልሞተ ያህል አንድ አፍታ ደስ አለኝ። እሳቸው ሰባት ዓመት የኖሩት እንዲህ እንደሆነ ያኔ ገባኝ፤ ስለገባኝም ፈራሁ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሰብለ ወንጌል ከአንድ ቄስ ጋር መጣች። ቄስ ኪዳነ ወልድ የእማማ የብርጓል የሟች ባላቸው ወንድም ናቸው፤ ከመራዊ ወዲያ ያለ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላሉ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። እማማ መስቀል ተሳልመው መደብ ላይ አስቀመጧቸው። እኔ ልወጣ ስል «ቁጭ በይ፣ አንችም ቤተሰብ ነሽ» አሉኝ ቄሱ።

«የብርጓል» ብለው ጀመሩ፣ «እኔ አርጅቻለሁ። የመጣሁ ልገሥጽሽ አይደለም። የገዛ ጭንቀቴን ልነግርሽ ነው።»

«ይንገሩኝ፣ ቄስ።»

«በጸሎት ጊዜ የሕያዋንም ስም ይነሣል፣ የሙታንም ስም ይነሣል። አምባቸውን ከየትኞቹ ጋር ላንሣው? ከሕያዋን ጋር እንዳልጠራው ልቤ እንቢ አለኝ። ከሙታን ጋር እንዳልጠራው አንችን ፈራሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሁለቱም ወገን ሳልጠራው ዘለልሁት። ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው። የወንድሜ ልጅ በየት በኩል እንደ ቆመ አላውቅም።»

«ሲመጣ ይጠይቁታል» አሉ እማማ።

ሰብለ ከተቀመጠችበት ወርዳ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። «እማዬ፣ እኔ ነኝ ሄጄ የለመንኋቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ባል ላግባ አላልሁም፣ ከቤት ልውጣ አላልሁም። ላልቅሰው። አንድ ቀን ብቻ ላልቅሰው።»

ውጭ ውሾቹ በአንድ ነገር ይጣላሉ። እማማ የብርጓል በመስኮቱ ወደ ጋጣው ተመለከቱ። ተቆጥተው ያባርሩናል ብዬ ስጠብቅ፣ «መልካም» አሉ። «ለቅሶው ይሁን። ቦራን ጫኑት።»

ሰብለ እጃቸውን ይዛ ሳመች። ቄሱ ዕንባቸው መጣ። እኔ ብቻ ነኝ ነገሩ ያልገባኝ፤ የአዳማ ሰው ምን ያውቃል። ቄሱ አስረዱኝ። በእነሱ ወገን ባለ ፈረስ ሰው ሲሞት ፈረሱ ይጫናል፤ ልብሱና ባርኔጣው ኮርቻው ላይ ይደረጋል፣ ለቀስተኛው መሐል እየተሳበ ይዞራል። ሬሳ ያልተገኘ እንደሆነማ ፈረሱ ነው የሬሳውን ቦታ የሚይዝ፤ ጌታውን የተሸከመ ስለሆነ እሱን አይቶ ሰው እርሙን ያወጣል። ይኼን ሲሉኝ ጋጣ ውስጥ ያለው አዲሱ ፈረስ ትዝ አለኝ። ቀና ብዬ እማማን አየሁ። ዓይናቸውን ከእኔ አሸሹ።

እንግዶቹ እንደወጡ ጋጣው ውስጥ ያዝኳቸው። «ምን እያደረጉ ነው?»

ፈረሱን ሣር ያጎርሱታል። «ይኼ ፈረስ አምባቸውን አይቶት አያውቅም» አሉ፣ ተረጋግተው። «አምባቸውም እሱን አያውቀውም። በማያውቀው ፈረስ የተለቀሰ ለቅሶ ልጄ ዘንድ አይደርስም፤ እንዳልተለቀሰ ነው። ሕዝቡ አልቅሶ ይሄዳል። አምባቸው በሕይወቱ እንዳለ ይኖራል።»

«ሰብለስ? እሷን ያታልሏታል?»

«ታልቅስ። ይውጣላት። ልጄን ግን አትንኩብኝ።»

እንዴት ያለ ጭካኔ ነው ብዬ ተናደድኩ። ደግሞ እንዴት ያለ ብልሃት ነው ብዬ ገረመኝ። ምላሴን ታስሬአለሁ፤ መሐላው አለ። የዚያን ሳምንት ሰብለ ስትደውል ስልኩን እያየሁ አላነሣሁም።

የለቅሶው ቀን ቅዳሜ ሆነ። ከግቢው ውጭ ያለው ሜዳ ላይ ድንኳን ተተከለ። የመራዊ ዘመዶች በአይሱዙ ተጭነው መጡ፣ ዓሣ የሚበልቱት ሴቶች ከዳርቻው ወጡ፣ ባለጋሪዎቹ ጋሪያቸውን አቁመው መጡ። ቀሳውስቱ በአንድ ወገን ቆመዋል። ሰብለ ወንጌል ጥቁር ለብሳለች፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። እማማ የብርጓል ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ከሴቶቹ ፊት ተቀመጡ። ዓይናቸው ደረቅ ነው። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ሴት» ይላል። እኔ ግን ከንፈራቸው ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ነገር አየሁ፤ ያታለለ ሰው ፊት ነበር።

ከዚያ ፈረሱ ወጣ። የአምባቸው ቡናማ ጃኬት ኮርቻው ላይ ተደርጎ ቁልፉ ተቆልፏል፤ እጅጌዎቹ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለዋል። ባርኔጣው ከላይ፣ ጅራፉ በጎን። ሕዝቡ «ወዮ!» ብሎ ተነሣ። «ቦራ! ቦራ!» ይላል ባለጋሪው ሁሉ። አልቃሿ ደረቷን ይዛ ሙሾ አወጣች፦

«ቦራ ምነው ዛሬ ጭነትህ ቀለለ፣
ልብሱን ይዘህ መጣህ ባለቤቱ የታለ?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔም የማላውቀውን ሰው አለቀስኩ። የማላውቀው ብዬ ስናገር ይከብደኛል፤ ሸሚዙን በየሳምንቱ ገመድ ላይ አይቼዋለሁ፣ ውሾቹን እሱ ባወጣው ስም እጠራለሁ። ፈረሱ አንድ ጊዜ ዞረ፤ ሁለተኛውን ሲጀምር ሰብለ ወንጌል ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ማንም ሊይዛት አልቻለም። ሄዳ የፈረሱን አንገት አቀፈች።

«ቦራ! አንተ ነህ ያመጣኸኝ። ሠርጌ ቀን አንተ ነህ፤ እየሳቀ ሲነዳህ ሰምተኸዋል። አንተ ታውቀኛለህ አይደል? እኔ ነኝ፣ ሰብለ ነኝ።»

ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለ። ሴቲቱን አያውቃትም። አንገቱን ከእቅፏ ነጥቆ ወደ ኋላ ሸሸ፣ በኮቴው መሬቱን መታ። የያዘው ሰው ልጓሙን ጎተተ። ሰብለ ባዶ እጆቿን ዘርግታ ቀረች።

«ረሳኝ» አለች። አልጮኸችም፤ ለራሷ የምትናገር ይመስል ነበር። «ቦራም ረሳኝ። ሚስቱ መሆኔን የሚያውቅልኝ ፍጡር አጣሁ።»

እንዲህ ያለ ነገር ሰው ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። መሐላዬን ጥዬ ልጮህ አፌን ስከፍት እማማ የብርጓል ተነሡ። ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ፤ አላነሡትም። ልባቸው ውስጥ ያለውን እኔ ብቻ ነኝ የማውቅ። ይህ ቦራ ከሆነ ልጃቸው ተለቅሷል። ቦራ አይደለም ካሉ ደግሞ ሰባት ዓመት የጠበቁለት ቤት የለም፤ አምባቸው ቢመጣ የሚያውቀው አንዲት ድመት እንኳ የለችውም። በሁለቱ መሐል ቆመው ሰብለን አዩዋት። ከዚያ ሄደው እጇን ያዙ።

«አልረሳሽም፣ ልጄ» አሉ። «ይኼ ቦራ አይደለም።»

አልቃሿ እጇን ከደረቷ አወረደች።

«ቦራ ሞቷል።»

ያ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እሳቸውም ሲሰሙት የመጀመሪያቸው መሰለኝ።

«በክረምቱ ሞተ፤ እኔ ቤት ዘግቼ ተቀመጥሁ» አሉ። «እቴጌም ሞታለች። ባጃጅ ገድሏት፤ ከሷ በፊት የነበረችውም ሞታለች። መቶ አለቃ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ ይኼ ሌላ ነው፣ እኔ ነኝ ስሙን የሰጠሁት። ቡሬም ሞቷል። ሙሽራ ሞታለች።» ድምፃቸው እየጨመረ ሄደ፤ አንዱን ሲሉ ሌላው ተከትሎ ይወጣል፤ ማቆም አልቻሉም። ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም አውቀናል። እማማ ወደ ፈረሱ ዞሩ፤ እጃቸውን ጃኬቱ ላይ አደረጉ፤ ቁልፉን ፈቱ፣ ከኮርቻው አወረዱት፣ ደረታቸው ላይ ያዙት።

«አምባቸውም» አሉ።

ጃኬቱን ወደ ፊታቸው አስጠጉት።

«አምባቸውም ሞቷል። ልጄ ሞቷል።»

ሰብለ ወንጌል ያኔ ጮኸች። ሰባት ዓመት የታፈነ ድምፅ ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም፤ ከዳርቻው ያሉ ወፎች ተነሡ። ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ጃኬቱን በመሐላቸው ይዘው፣ አንዷ በአንዱ እጅጌ፣ ሌላዋ በሌላው እጅጌ ላይ ፊታቸውን ደፍተው አለቀሱ። ፈረሱን የያዘው ሰው ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው፤ ኮርቻውን አውርዶ ወደ ጋጣው መለሰው። የቀረነው ፈረስ በሌለበት ሜዳ ላይ አለቀስን። ከቀድሞው ይበልጥ አለቀስን።

ቀሳውስቱ ፈራ ተባ ሲሉ ቆይተዋል። ሐዘንተኞቹ እስኪረጋጉ ይጠብቁ ይሁን አይጠብቁ እርስ በርስ ይተያያሉ። እማማ የብርጓል ከመሬት ቀና አሉ። ፀጉራቸው ተገልጧል፣ ፊታቸው አፈር ነክቶታል።

«ጀምሩለት እንጂ፣ ቄስ» አሉ። «ምን ትጠብቃላችሁ? ይኼን ያህል ዘመን እኔ የምጠብቀው ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱ ነው ቆሞ የሚጠብቀኝ።»

ቄስ ኪዳነ ወልድ መጽሐፋቸውን ገለጡ።